ጨው እንዴት ድንጋይ ይባላል?



ልጆቻችን ተረትና ምሳሌ የሚማሩበት ሰሞን ነው። የእኔዋ የአሥር ዓመት ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ከክፍል ይዛ የወጣችው «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ነበር። መኪና ውስጥ ሳትደናቀፍ አነበበችልኝ። ቃሎቹን ሁሉ ታውቃቸዋለች። ትርጉሙንም መምህሯ በደንብ አስረድተዋታል። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ግን «እማዬ፣ ጨው እኮ ዱቄት ነው። እንዴት ነው ድንጋይ የሚሉት?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እሷ የምታውቀው ጨው ከክብ ካርቶን ውስጥ እንደ አሸዋ የሚፈስ ነው። ጨው ድንጋይ እንዲመስል አሞሌን ማየት ያስፈልጋል። አሞሌን ደግሞ ከእኛ ከወላጆቹም ብዙዎቻችን ያየነው በፎቶ ነው። በሙያዬ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ጨው ከሥራ ቦታዬም ከጓዳዬም አይጠፋም። ስለዚህ በዚህ ወር ጋዜጣችን ላይ ስለ ጨው ትንሽ ላጫውታችሁ ብዬ ተነሣሁ። ልጆቻችሁ ሊጠይቋችሁ ይችላሉና።

ከአሞሌ እንጀምር። ዳሎልና አሳሌ ሐይቅ ያሉበት የአፋር ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች የወረደ ነው። ጥንት ቀይ ባሕር ይገባበት ነበር። መግቢያው ሲዘጋ ውኃው በፀሐይ ተንኖ አለቀና ጨዉ እንደ ወለል ተነጥፎ ቀረ። አፋሮች ይህን ንጣፍ በመጥረቢያና በእንጨት እየፈነቀሉ፣ ዳር ዳሩን እየጠረቡ፣ ጡብ የመሰለ ቅርጽ ያወጡለታል። አሞሌ የሚባለው ይህ ነው። ከደጋው ጨው ሊጭን የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ አርሆ ይባላል። በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ሽቅብ ወደ በራህሌ፣ ከዚያም ወደ መቀሌ ይወጣ ነበር።

የእናቴ አገር ዋግ ነው። ሰቆጣ በድሮ ጊዜ ከታወቁት የአሞሌ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ጨዉ ከዚያ ወደ ላስታ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም ይሻገር ነበር። እናቴ ስትናገር አሞሌ ገበያ ላይ ተደርድሮ ሲታይ ለግንብ የተጠረበ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ነጭም አይደለም፤ አመድማ፣ አንዳንዴም ቡናማ ነው። ቤት ሲመጣ ለዕለት የሚበቃው ተፈልጦ ወፍጮ ላይ ይደቅቃል። የቀረው ክረምት በገባ ጊዜ እርጥበት እንዳያሟሟው ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ ይሰቀላል። ቁራሹን ላሟ ትልሰዋለች። እንግዲህ ምላስ እስኪነካው ድረስ ከድንጋይ በምን ይለያል? ይህን ስነግራት ልጄ «ኦ፣ ስለዚህ ነዋ ቀምሰው የሚያውቁት!» አለች። ተረቱ ያን ጊዜ ነው የገባት።

«ጣፍጥ» የሚለውም ቃል ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ልጆቻችን «ጣፋጭ» ሲባል ከረሜላ ነው የሚመጣባቸው። ለእናቶቻችን ግን ወጥ የሚጣፍጠው ጨዉ ልክ ሲሆን ነው። ጨው ያልገባበት ነገር አልጫ ነው። ዛሬ አልጫ የምንለው በርበሬ የሌለውን ወጥ ብቻ ቢሆንም፣ ቃሉ ጨው የጎደለውንም ይሸፍናል። ልጆቹን እስቲ ጠይቋቸው፤ «ምግቡ አልጫ ሆነብኝ» ቢባሉ ምን እንደሚረዱ።

አሞሌ ገንዘብ እንደነበረ ሁላችንም ሰምተናል። የሚገርመው ዘመኑ መርዘሙ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ሰዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ወርቅ ወዳለበት አገር እንደሚወርዱ ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከሚቆፈርበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚወደድ ጽፏል። የማርያ ቴሬዛ ብር ከገባ በኋላም አሞሌ ዝርዝሩ ሆኖ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ዘለቀ። ገንዘብ የሚላስ፣ ዝናብ ሲመታው የሚቀልጥ ነበር ብላችሁ ለልጅ ስትነግሩት ፊቱን ማየት ነው። ዳሽን ባንክ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን «አሞሌ» ማለቱንም ጨምሩበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምሳሌ ልውሰዳችሁ፤ ይህ ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን፣ ችግር በችግር ላይ ሲደረብ። ልጄን እንቅርት ምንድነው ብላት አታውቅም። ጆሮ ደግፍስ? እሱንም አታውቅም። አትፍረዱባት። ጆሮ ደግፉን ክትባት፣ እንቅርቱን ጨው ከፊቷ አጥፍተውላታል።

እንቅርት አንገት ፊት ለፊት የሚያብጥ ዕጢ ነው፤ ታይሮይድ ይባላል። ይህ ዕጢ ሥራውን ለመሥራት አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ትንሽ ነው፤ ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም። ዕድሜ ልክ የምንወስደው ቢጠራቀም አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ግን ካላገኘ ዕጢው «ምናልባት ብተልቅ አገኝ ይሆናል» እንደሚል ሰው እያደገ፣ እያበጠ ይሄዳል። የደጋው አፈር ለዘመናት በዝናብ ስለታጠበ አዮዲኑ የለም። አፈሩ ከሌለው እህሉም የለውም፤ እህሉን የበላውም ሰው አያገኘውም። ተራራማ የሆነ አገር ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። ስዊዘርላንድም እንደኛው በእንቅርት የታወቀች ነበረች፤ ጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ታላላቆቹ ሐይቆች ያሉበት አካባቢ «የእንቅርት ቀበቶ» ይባል ነበርና ሚሺጋን በ1924 ተከተለች።

የእንቅርት ነገር መልክ የማበላሸት ብቻ አይምሰላችሁ። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጣም ሲጎድላት የሚጎዳው የፅንሱ አእምሮ ነው። ልጁ መስማት ሊሳነው፣ አእምሮው ሳያድግ ሊቀር ይችላል። መጠነኛ ጉድለትም ቢሆን የትምህርት አቀባበልን ይነካል። በመንደሩ «ሞኝ» እየተባለ የኖረ ስንት ሰው ጨው ያጣ እንደሆነ ሳስብ ይከብደኛል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የአፋር ጨው የባሕር ጨው ነው ብያችኋለሁ። ባሕር አዮዲን አለው። ሆኖም ውኃው ተንኖ ጨዉ ሲቀር አዮዲኑ ከሞላ ጎደል አብሮት አይቀርም፤ ፋብሪካ ውስጥ መጨመር አለበት። አገራችን ቀድሞ አዮዲን ያለውን ጨው በአብዛኛው የምታገኘው ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከአሰብና ከምጽዋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ያ ተቋረጠና ጨው ከአፋር፣ በተለይ ከአፍዴራ፣ ይመጣ ጀመር፤ አብዛኛው አዮዲን አልነበረውም። በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ በ15 ቤተሰብ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በ2016 ጥናቱ ሲደገም ከመቶ 89 ደርሷል። በአምስት ዓመት! ስለ አገራችን የምንሰማው ወሬ ሁሉ የሚያስከፋ በሆነበት ዘመን ይህን ለልጆች ብንነግራቸው አንከስርም።

ታዲያ አገር ቤት ያሉት እናቶች አዮዲን ያለው ጨው ሲያገኙ፣ እዚህ ያለነው ደግሞ በገዛ እጃችን እየተውነው ነው። በየቤቱ ስሄድ አያለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ያ ሮዝ መልክ ያለው የሂማላያ ጨው ነው፤ ወይም ጥራጥሬው ወፈር ያለ የባሕር ጨው። «ይሄ ለጤና ጥሩ ነው፣ ተፈጥሮ ነው» ይሉኛል። የሮዙ ጨው ከፓኪስታን ተራራ የሚቆፈር የጥንት ባሕር ትራፊ ነው፤ በሌላ አነጋገር የአሞሌ የሩቅ ዘመድ። ቀለሙን የሰጠው ትንሽ የብረት ማዕድን ነው። አዮዲኑ ከምንም አይቆጠርም። አሜሪካ ውስጥ አዮዲን የሌለው ተራ የገበታ ጨው ከገዛችሁ ማሸጊያው ላይ ይህ ጨው አስፈላጊ የሆነውን አዮዲን አይሰጥም የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ በትንንሽ ፊደል ነው፣ ግን አለ። እንግሊዝ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ንገሯቸው፤ እዚያ አዮዲን ያለው ጨው በየሱቁ የሚገኝ አይደለም፤ ሰዉ አዮዲኑን በዋናነት የሚያገኘው ከወተት ነው። በጾም ወተትም ዓሣም እንቁላልም የምንተው ሰዎች ከየት እንደምናገኘው ማሰብ አለብን።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ቤታችሁ ውስጥ ለማብሰያ የሚሆነው ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ወጡ ከበሰለ በኋላ ጨምሩት፤ አዮዲኑ በሙቀት ይቀንሳልና። አገር ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው። ግን አዮዲን አገኛለሁ ብሎ ጨው ማብዛት የለም፤ ያው የለመዳችሁት፣ ወይም ከዚያ ያነሰው ይበቃል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ካለች የምትወስደው ቫይታሚን አዮዲን እንዳለው ትጠይቅ፤ ሁሉም የለውም። የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስዱ ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

ጨው መድኃኒትም ነው። በሥራ ቦታዬ ብዙ ውድ መድኃኒቶች በእጄ ያልፋሉ፤ አንዳቸውም ግን የለምለምን ያህል ሕፃን አላዳኑም። ለምለምን ታስታውሳላችሁ አይደል? ተቅማጥ ሲይዘን በውኃ ተበጥብጦ የምንጠጣው፣ ጣዕሙ ከእንባ ጋር የሚመሳሰል ዱቄት። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ ለእናቶች ስታስረዳ «በሦስት የቢራ ጠርሙስ ውኃ» ትል ነበር፤ አንድ ሊትር ማለቷ ነው። ሊትር መለኪያ በሌለበት ቤት የቢራ ጠርሙስ አይጠፋም።

የዚህ ነገር ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባንግላዴሽ ነፃ በወጣችበት ጦርነት ብዙ ሚሊዮን ሰው ወደ ሕንድ ተሰደደ፤ መጠለያው ውስጥ ኮሌራ ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት ጨው፣ ስኳርና ቤኪንግ ሶዳ በውኃ አስበጥብጦ ለየቤተሰቡ ማደል ጀመረ። እናትና እህት በኩባያ እያጠጡ ያስታምሙ ነበር። ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ከመቶ ከ4 በታች ወረደ። ምሥጢሩ ከስኳሩ ነው። አንጀት በተቅማጥ ተጎድቶ ሳለ ጨውን ብቻውን በደንብ አይቀበልም፤ ስኳር ካለ ግን ሁለቱ ተያይዘው ያልፋሉ፣ ውኃውም ይከተላቸዋል።

ልጅ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ፋርማሲ ያለውን የተዘጋጀ ፈሳሽ ወይም ዱቄት መግዛት ይመረጣል። ሌሊት ሆኖ፣ በረዶ ወርዶ፣ መንገድ ተዘግቶ ከሆነ ግን አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ አይቆለል። እዚህ ላይ «እንደ አቅሚቲ» የለም። ጨዉ ከበዛ ሕፃኑን ይጎዳዋል፣ እስከ መግደልም ይደርሳል። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንቱ ከቀረ ወይም ከደነዘዘ ወደ ሐኪም ነው መሮጥ። መርዝ የጠጣ ሰው እንዲያስመልሰው ተብሎ ጨው በውኃ የሚሰጥበት የድሮ ልማድም ፈጽሞ ይቅር፤ ጨዉ ራሱ ይመርዛል።

ሌላው ሁሉ የምታውቁት ነው። ጉሮሮ ሲከረክር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ አድርጎ መጉመጥመጥ ያስታግሳል። አፍንጫ በጨው ውኃ የምታጥቡ ደግሞ ውኃው የፈላና የቀዘቀዘ ወይም ዲስቲልድ ይሁን፤ ከቧንቧ እንደወረደ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ሐኪም ቤት «ግሉኮስ ተሰቀለልኝ» የምንለውም ብዙ ጊዜ ግሉኮስ አይደለም፤ በአንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው ነው። ስሙ ግን በአማርኛችን ግሉኮስ ሆኖ ቀርቷል፣ ማን ይመልሰዋል።

የመጨረሻው የእናቴ ነገር ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም እሱ ነው። እናቴ ባለፈው ዓመት ስድስት ወር እኛ ጋ ቆይታ ነበር። ደም ግፊት አለባት። እዚህ ሐኪም ጋ ስንሄድ በስልክ አስተርጓሚ ቀረበልን። ሐኪሟ «ጨው ያበዛሉ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ «ኧረ እኔ እንደ ሰው ነው የምበላው!» አለች። አስተርጓሚውም «እንደ ማንም ሰው» ብሎ አስተላለፈ። ሐኪሟ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

እንደ ሰው ማለት ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። አሜሪካውያን ከሚበሉት ጨው ከመቶ 70 በላይ የሚሆነው ከፋብሪካና ከምግብ ቤት ተቀላቅሎ የሚመጣ ስለሆነ እዚህ ያለው ምክር ሁሉ «የታሸገ ምግብ ቀንሱ» ነው። እናቴ ግን የታሸገ ምግብ አትነካም። የእሷ ጨው ከእጇ ነው የሚወጣው። የእጅ ጨው ደግሞ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ልጄ የወጥ ቤቱን ሚዛን አመጣችና «እማማ፣ እስቲ ጨው ቆንጥሪ» አለቻት። በሦስት ጣት የቆነጠረችው አንድ ግራም ገደማ መጣ። ከዚያ ሁለቱ ሥራ ያዙ። አያትየው ወጥ ስትሠራ ልጅቷ ደብተር ይዛ አጠገቧ ትቆማለች። ምስር ላይ ሁለት ቁንጥር። ጎመን ላይ አንድ፣ «ትንሽ ነካ ላድርግበት» ተብሎ ደግሞ ሌላ ግማሽ። ዳቦው ውስጥ አለ። ከአገር ቤት የመጣው በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ሚጥሚጣውም እንዲሁ። ቋንጣውማ በጨው ታሽቶ ነው የደረቀው። እስከዚያ ቀን ድረስ በሁለቱ መካከል የነበረው አማርኛ «በላሽ?»፣ «እሺ»፣ «ደህና እደሪ» ነበር ማለት እችላለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ልጄ ደግሞ በአማርኛ የምታወራው ነገር አልነበራትም። ጨው ወሬ ሰጣቸው። ቁንጥር፣ ጭብጥ፣ እፍኝ። ነካ ማድረግና ጣል ማድረግ እንደማይመሳሰሉ። ጨው እንደሚነሰነስ፣ እንደሚታሽ፣ እንደሚሟሟ። እነዚህን ቃላት እኔ አስተምሬያት አላውቅም፤ መጽሐፏም ውስጥ የሉም።

ደብተሩን ወስጄ ለሐኪሟ ሰጠኋት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ በደንብ የተያዘው። እህቴ ጨው የሌለው በርበሬ ከአዲስ አበባ ላከችልን፤ ጨዉ ተለይቶ ሲጨመር መጠኑ ይታወቃል። ቋንጣው ቀረ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ሎሚ ግን እንደ ልብ። ቅመም የሌለው ሕዝብ ጨው ሲቀንስ ይቸገር ይሆናል፤ እኛ ምን አለብን?

አንድ ጎረቤታችን ለደም ግፊት የሚሆን ነው ብለው ሌላ ዓይነት ጨው አመጡልን። በጨው ፋንታ የሚሸጠው ይህ ነገር በሙሉም ሆነ በከፊል ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች ወደ 21,000 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ ሩብ ያህሉ ፖታሲየም የሆነ ጨው የተጠቀሙት በስትሮክ የሚያዙበት መጠን ከመቶ 14 ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ነገር ግን ኩላሊቱ ለደከመ፣ ወይም ፖታሲየምን የሚያስቀሩ የግፊት መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው፤ ፖታሲየሙ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ሊያቆም ይችላል። እናቴ የምትወስደው ከነዚያ መድኃኒቶች አንዱን ስለነበር ጎረቤታችንን አመስግነን መለስንላቸው። ወላጆቻችሁ ሊጠይቋችሁ ሲመጡ የመድኃኒታቸውን ስም ሳታጣሩ ይህን ጨው አትግዙላቸው።

እናቴ ሁሉን ተቀበለች፤ ከቡናው ጨው በስተቀር። በእነሱ አገር ቡና በጨው ነው የሚጠጣው፤ ስኳር የልጅ ነገር ነው። ብዙ ክርክር ተደረገ። በመጨረሻ የተስማሙት አቦሉ ላይ ትንሽ ጨው ሊጣል፣ ቶናና በረካ ግን ባዶአቸውን ሊጠጡ ነው። ጠባቂዋ ልጄ ናት። እናቴ አሁን አገሯ ገብታለች። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ስንደውል ረከቦቱ ፊት ለፊቷ ነው፤ ልጄም ስልኩን ከእጄ ትነጥቅና «እማማ፣ ስንተኛው ነው? አሳዪኝ እስቲ ሲኒውን» ትላለች። እናቴም ሲኒውን ወደ ካሜራው ታስጠጋዋለች፣ ጨው በስልክ የሚታይ ይመስል።